ያጸዱልን ፊልም

ታናሽ ወንድሜን ካኮረፍኩት ከርሜያለሁ። ሰላም እለዋለሁ፣ ሲመጣ ሻይ እቀዳለታለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አፌ አይፈታም። ዘመዶቻችን ሊያስታርቁን ይመጣሉ። «ለአንድ ተራ ፊልም ብላችሁ!» ይሉናል። ተራ ፊልም መሆኑንማ ከነሱ በላይ እኔ አውቃለሁ። ሰሞኑን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ያውም ጥርሴን ነክሼ።

ድሮ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ነው። ቢጫ ጥብቅ ሱሪ የለበሰ፣ ቀይ ካባ ያንጠለጠለ፣ ድስት የመሰለ ቆብ የደፋ ሰውዬ ከተማውን ከክፉ ሰዎች ያድናል። ሲበር የተንጠለጠለበት ሽቦ ይታያል። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጥቷል። ሲደባደብ ግድግዳው ይወዛወዛል፣ ካርቶን ነዋ! ጠላቱ ደግሞ ረጅም ቦት ጫማ ያደረገ ባለ ነጭ ጺም ነው፤ ሥራዬ ብሎ የያዘው መሳቅ ብቻ ነው። ይሄን ለማየት ነው ሰው ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር በነበረችው የጭቃ ቤታችን ውስጥ እርስ በርሱ ተደራርቦ የሚቀመጠው?

አይደለም። ሰው የሚመጣው አባቴን ለመስማት ነው።

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የፊልሙን ካሴቶች አንድ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ፤ አባቴም ማጫወቻ ገዝቶ፣ የፊት ለፊቷን ክፍል አግዳሚ ደርድሮባት ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ይተረጉማል። መተርጎም ካላችሁት ነው እንግዲህ። ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው ሬዲዮ ላይ የተጻፉትን «ኦን» እና «ኦፍ» ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከራሱ አወጣው። ባለ ቢጫው እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ከተማ ልጅ ሆነ። ባለ ጺሙ ገና ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ላይ ጠጠር የሚቀላቅል ደላላ ሆነ። ሁለት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ረጅም ወሬ ሲይዙ አባቴ ስለ መንገድ ያወራቸዋል፤ አንደኛው «የኛ ሰፈር መንገድ ዘንድሮም ጭቃ ነው» ይላል፣ ሌላኛው ራሱን ሲነቀንቅ አባቴ «ዱጋ! እውነትህን ነው!» ያሰኘዋል። ጀግናው ጡጫውን ሲያነሳ «ዴሚ!» ይላል በኦሮምኛ፣ ሂድ በለው እንደማለት። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ፣ ከየአገሩ የመጣው የኮሌጅ ተማሪ፣ ብረት በያጁ፣ ሱቅ ዘግቶ የመጣው ነጋዴ፣ ኦሮምኛ የሚችለውም የማይችለውም አብሮ «ዴሚ!» ይላል። አግዳሚው ሲሰበር ትዝ ይለኛል።

ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው አሰንዳቦ ከተማ በገበያ ቀን ቪዲዮ የሚያሳዩ አንድ ወዳጅ ነበሩት። የአሰንዳቦ ሰው ፊልሙን ያለ አባቴ ድምፅ አላይም ብሎ አስቸገራቸው። አባቴ ሁለት ቦታ መቆም አይችልም፤ ስለዚህ ሁለት ማጫወቻ አገናኝቶ ፊልሙን ሲገለብጥ የእንግሊዝኛውን ድምፅ አጥፍቶ የራሱን መቅዳት ጀመረ። አንዱን ቅጂ እቤት ያስቀራል፣ ሌላው በአውቶቡስ አሰንዳቦ ይሄዳል። እሱ ጅማ ቁጭ ብሎ እዚያ ይጮኻል። የሚቀዳው መኝታ ቤት ነበር። እኛን ልጆቹን ወደ ውጭ ያባርረናል፤ እናቴን ግን ሰሚ ከሌለ ወሬው አይመጣልኝም ብሎ ሥራዋን አስትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጣታል። እሷም ታኮርፋለች። ሲጨርስ ሁልጊዜ «እንዴት ነበር?» ይላታል። አትመልስለትም። ወጧ እያረረ ምን ብላ ትመልስለት!

ዲሽ በየጣሪያው ሲተከል ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ካሴቶቹ በካርቶን ሆነው እናቴ አልጋ ሥር ገቡ።

እናቴ ዐይኗን ያጣችው ቀስ በቀስ ነው። የዐይን ግፊት ነው አሉን። መጀመሪያ ፊታችን ጠፋባት፣ ከዚያ ጥላችንም ጠፋ። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ አቧራ ስጠርግ ሰማችኝና፣ «እሱ እንግዲህ የእናንተ ነው» አለችኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ድምፁን ነው የምፈልገው። እነዚያን ካሴቶች አጫውቱልኝ።»

የጠየቀችው ይሄን ብቻ ነው። ወንድሜም እዚያው ነበር፣ በጆሮው ሰምቷል። ማጫወቻችን ከሞተ ቆይቷል፤ «ለእኔ ተዉት» አለ። እኔ የማስተምረው ሰርቦ ነው፣ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ነው የምመለሰው። አንድ ቀን ስመለስ ካርቶኑ የለም። በሳምንቱ አንዲት ፍላሽ ይዞ መጣ። ኬክ ሁሉ ገዝቷል። ጎረቤት ጠርቷል።

እናቴን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥናት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብላ ጠበቀች። ፊልሙ ጀመረ። ቢጫው ቢጫ ነው፣ ቀዩ ቀይ፤ ጎረቤቶቻችን «አቤት ጥራት!» አሉ። ከዚያ ባለ ቢጫው አፉን ከፈተና በእንግሊዝኛ፣ እንደ ዜና አንባቢ በተለሰለሰ ድምፅ መናገር ጀመረ።

እናቴ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለች።

«ጀግናው ነው እማዬ» አላት ወንድሜ። «ኦሪጅናሉ ድምፅ ነው።»

«ቤቴ ማን አስገባው?» አለች። ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች መኝታ ቤቷ ገባች። ኬኩን ማንም አልነካውም።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ከሰርቦ እንደተመለስኩ ቤት ሳልገባ ሥራውን ወደሠራው ሱቅ ሄድኩ። ፎቶ ኮፒም፣ የሙዚቃ ጭነትም፣ የሞባይል ጥገናም ያለበት ቤት ነው። ባለቤቱ ጎረምሳ ነው፤ በደስታ ነው የተቀበለኝ።

«ሲስተር፣ አየሽው? ጸዴ አድርገን ነው የሠራነው» አለኝ።

«የካሴቱ ድምፅ የት ገባ?»

«አይ፣ ካሴቱማ አይሆንም ነበር። ሻግቷል። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ አገኘነው፣ የጸዳውን። የእናንተ ላይ እኮ የሆነ ሰውዬ ከላይ ከላይ ይለፈልፍበት ነበር።»

የሆነ ሰውዬ! ይለፈልፍበት ነበር! ምን እንዳልኩት ሁሉንም አላስታውስም። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የተሰለፉ ተማሪዎች ወደ ውጭ መውጣታቸውን ግን አስታውሳለሁ። ካሴቶቹን መልስልኝ አልኩት። ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጥለናቸዋል፣ ሻጋታው ወደ ዕቃችን ይጋባል» አለኝ። የቆሻሻ መኪናው ወስዷቸዋል። የጅማ ዝናብ ያንን ሁሉ ክረምት ታግሷቸው ኖሮ ጥራት የሚባል ነገር መጥቶ ጨረሳቸው።

ወንድሜ ደግሞ ይባስ ብሎ እሱ ተቀየመኝ። «ለፍቼ፣ ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብዬ...» አለኝ።

«ለማታይ ሴት ምስል አጸዳህላት!» አልኩት። «የምትሰማውን ወስደህ የማታየውን አመጣህላት!»

ይሄን ስለው የፊቱ ቀለም ተለወጠ። አላዘንኩለትም። እስከ ዛሬም በደንብ አላዘንኩለትም።

ከዚያ በኋላ ነው ፊልሙን ቁጭ ብዬ ያየሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ንዴቴን ማሳደሪያ ፈልጌ ይሆናል። ባለ ጺሙ ለካ ደላላ አይደለም፤ የከተማውን የግድግዳ ሰዓት ሁሉ የሚሰርቅ ሰው ነው። ሰዓት! ምን ሊያደርግለት? ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎችም ስለ መንገድ አያወሩም። ማን ምን ኬክ እንደሚወድ ነው የሚያወሩት፣ ያን ሁሉ ደቂቃ! በአባቴ አፍ የምናውቀው የሰርቦ ልጅ፣ ጠጠሩን በመዳፉ ይዞ «ይሄን ለእናትህ ታፈላላታለህ?» ብሎ ደላላውን የሚያፋጥጠው ሰውዬ፣ ለካ በሕይወቱ አንድ ቁም ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጡጫውን ሲያነሳ ብቻዬን «ዴሚ» አልኩ። ማንም አልተቀበለኝም። አባቴ በጣም ናፈቀኝ፤ ናፍቆቱ ደግሞ እንደገና አናደደኝ።

አሰንዳቦ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። በቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የአባቴን ወዳጅ አርጅተው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አካም ጅርቱ አባባ» ብዬ ደህንነታቸውን ጠይቄ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። የአባቴን ነገር አንስተው ሳቁ፤ «አላህ ይርሐመው፣ ይሄን መንደር ስንት አመት አሳቀው!» አሉ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ካሴቶቹ አሉ ወይ አባባ? አንድ እንኳን?»

ተነስተው ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው የማሽላ ማሳ ወሰዱኝ። ከእንጨት እንጨት የተወጠረ ጥቁር ክር ማሳውን ዙሪያውን ይዞታል። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

«ማሽኑ መሥራት ካቆመ ምን ይሠራል ብለን የካሴቶቹን ክር አወጣነው» አሉኝ። «ለወፍ ማባረሪያ።»

እዚያ ማሳ ጫፍ ላይ ቆሜ እሳቸውንም ልጮህባቸው ዳዳኝ። የአባቴ ድምፅ፣ ደላላውም፣ የሰርቦ ልጅም፣ ያ ሁሉ «ዴሚ» ማሽላ ላይ ተወጥሮ ወፍ ይጠብቃል። እሳቸው ግን አዛውንት ናቸው፤ ደግሞም ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። «ወላሂ ልጄ» አሉ፣ «ጥሩ ጠብቆልናል።» መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ከዚያ፣ «አንዱ ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ቀርቷል። አልወጣም ብሎን ተውነው» አሉኝ።

ማጫወቻውን በጆንያ እንደተጠቀለለ አመጡት። «ካሴቱን ላውጣ እንዳትሉ፤ ክሩ ይበጠሳል። እዚያው ሆድ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ስሙት። ይዘሽው ሂጂ ማሎ፣ እባክሽ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ።» ገለቶማ ብዬ አመስግኜ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እስከ ጅማ ድረስ ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሹፌሩን በልቤ እየረገምኩ ሄድኩ።

ያንን አሮጌ ማሽን ነካክቶ የሚያስነሳ ወንድሜ ብቻ ነው። የጥገናው እጅ ከአባታችን የወጣው ለእሱ ነው፤ ይሄም ያበሳጨኛል። ስልክ ደውዬ «ና» ብቻ አልኩት። እሁድ ከሰዓት ማገናኛ ገመድ ይዞ መጣ። ውስጡን ጠራርጎ፣ የላላውን ጎማ ቀይሮ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። ጎረቤት አልጠራንም። እናቴ ያው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ በዚህኛው ቀን ነጠላዋን አላስተካከለችም።

ቁልፉን ተጫንኩት። ምስል የለም፣ ነጭና ጥቁር መስመር ብቻ ነው የሚርገበገበው። ከዚያ ማሽኑ አጓራ፣ ከጉርምርምታው ውስጥም አባቴ መጣ።

«ደላላው ሊያመልጥ ነው ጎበዝ! ያመልጣል ወይ? አያመልጥም! ዴሚ!»

ከኋላው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ይሰማል። አባቴ በዝናቡ ላይ ይጮኻል። «የአሰንዳቦ ሰዎች፣ ይሄ ዝናብ የፊልሙ አይደለም፣ የኛ ጣሪያ ነው፣ ታገሱን!» ይላል። ወንድሜ ስልኩን አስጠግቶ ይቀዳል። እናቴ አትንቀሳቀስም።

ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ደላላው ታሰረ፣ ቡናው ተለቀመ፣ አባቴ ለተመልካቹ ደህና ሁኑ አለ። መቅጃውን ግን ቶሎ አላጠፋውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንዴት ነበር?» አለ።

ዝናቡ ብቻ። አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ዛሬም አኩርፈሻል?» ሳቀ። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ወንድሜ ስልኩን እያየ፣ «ዝናቡን እኮ ማስጠፋት ይቻላል» አለ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለች እናቴ። ዐይኗን ካጣች ወዲህ እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ወደ ኋላ መልሺው» አለችኝ። «እንደገና ይጠይቀኝ።»