የቦራው ዓይን

አዲሷን ካሜራ በገዛሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ሰው አላነሣሁባትም። ወረታ በሚገኘው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አምስት የለስላሳ ጠርሙሶች በሰያፍ ደርድሬ፣ መሐለኛው ላይ አነጣጥሬ፣ ከዚያ ሥዕሉን እያጎላሁ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል መመርመር ነበር ሥራዬ። የገዛኋት ራሷ የሰውን ዓይን ፈልጋ ፎከስ ታደርጋለች፣ አጥርታ ታነሣለች ተብዬ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን አንዱ «የእኔዋ ካሜራ ፎከስ ጆሮ ላይ ያርፋል» ይላል፤ ሌላው «የእኔዋ ቅንድብ ላይ ነው» ይላል። ከእጅ አይሻል ዶማ ገዝቼ እንዳይሆን ፈራሁ። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ወር የጠበቅሃት ጠርሙስ ለማንሣት ነው?» እያለች ትስቅብኛለች።

በዚህ መሐል አጎቴ ላኩብኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ሩዝ ያመርታሉ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ በሬያቸው አርጅቷል። የዘንድሮውን ሩዝ ወቅቶ ሲጨርስ ይፋግ ገበያ ወስደው ሊሸጡት ቆርጠዋል። ከመሄዱ በፊት አንድ ላይ ያንሣን ነው መልእክቱ።

ከሄደ ወዲያ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ አውቄ በጠዋት ደረስሁ። በሬዎቹ አውድማው ላይ እየዞሩ የመጨረሻውን ሩዝ ያበራያሉ። ዓይኔን ከካሜራዋ ሳልነቅል ወደ መሐል ገባሁ።

«ጫማህን!» አሉ አጎቴ።

አውድማ በጫማ አይረገጥም። የእህል ክብር ነው፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ፎከስ ፎከስ ስል ረሳሁት። አፈርሁ፤ ጫማዬን ከዳር አውልቄ ገለባው ላይ በባዶ እግሬ ቆምሁ።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከቦራው ጎን ቆሙ። አነሣሁ፤ አጉልቼ አየሁ። «አንዴ ይድገሙልኝ» አልኋቸው። አሁንም አነሣሁ፤ አሁንም አጎላሁ። ትንሽ ወደ እኔ ይዙሩ፣ ቀና ይበሉ ስል ቦራው ራሱ ተሰላችቶ አፉን ወደ ሩዙ ሰደደ።

«ልጄ፣ እኔን ነው የምታየኝ ወይስ ያችን?»

«ጥርት ብሎ እንዲወጣልዎት ነው።»

«እኔማ እንደሆንሁ ከእንግዲህ ወዲህ አልጠራም» አሉና ሳቅ ብለው ወደ በሬው ዞሩ። ከአንገቱ ሥር ያከኩት ጀመር። እሱም አንገቱን አስረዘመላቸው። ሳላስበው ጣቴ ቁልፉን ተጫነ።

በማግሥቱ ቦራው ተሸጠ። አጎቴ ገመዱን ብቻ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ፤ ከብት የሸጠ ሰው ገመዱን አይሰጥም በእኛ ዘንድ።

ሥዕሎቹን ኮምፒውተር ላይ ሳያቸው ኩም አልሁ። ጥርት ያሉት ላይ አጎቴ ለመታወቂያ የሚነሡ ይመስል ደርቀዋል። የሳቁባት አንዲቷ ሥዕል ላይ ግን ፊታቸው ደብዝዟል። ካሜራዋ ዓይን ፈልጊ ተብላ ዓይን አግኝታለች፤ የበሬ ዓይን። የቦራው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያንን ሁሉ ጠርሙስ ያነሣሁት ለዚህ ነው ብዬ ተናደድሁ፤ በሬው የለ፣ አይደገም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ አጎቴ ቤት መሄድ ፈራሁ።

በመጨረሻ አንዱን ጥርት ያለውንና የደበዘዘውን አሳትሜ ይዤ ሄድሁ። ጥርት ያለውን ነው ቀድሜ የሰጠኋቸው። አየት አድርገው መደቡ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ግን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ብዙ ቆዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ደበዘዙብኝ» አልሁ።

«እኔ ምን እሆናለሁ፤ ይኸው አለሁ» አሉ ከሥዕሉ ቀና ሳይሉ። «የሄደ እሱ አይደል? ዓይኑ ይህን ያህል ማማሩን እኔም አላየሁለትም ነበር።»

ሥዕሉን የቦራው ገመድ ከተሰቀለበት የግድግዳ ካስማ ሥር አስጠጉት። ደስ አለኝ። ካሜራዬን አወጣሁና እሳቸው ሥዕሉን ሲያቃኑ፣ ሲመለከቱ፣ መልሰው ሲያቃኑ አነሣኋቸው። ከዚያ ካሜራዬን አንገቴ ላይ ተውኋት።

«ምነው ዛሬ አታጎላውም?» አሉኝ።

«እርስዎን እያየሁ ነው» አልኋቸው።