መብራት ጠፍቶም የቀረው ድምፅ

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ሊሻገሩ ነው። የሚመንኑበት የጣና ደሴት ገዳም ሴት አያስገባም። ልጃቸው ሲና የአባቷን ዜማ ቀድታ ለማስቀረት የነበራት ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ሦስቱን ቀን ጨርሳዋለች።

ሲና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጣና አቅራቢያ ባለችው ዘንዘልማ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በቀን ስድሳ ገጽ ትጽፋለች፤ ስሕተት አያመልጣትም። አባቷ አርባ ዓመት ሲያስተምሩ ጓዳ ሆና እየሰማች አደገች እንጂ ከፊደል በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት ማንበብ አልተማረችም። መሪጌታ ከመምህራቸው በቃል ብቻ የተቀበሉት አንድ ዜማ አለ። እንደ እሳቸው አድርጎ የሚያዜመው ሌላ ሰው እንደማያውቁ ደጋግመው ነግረዋታል። ማክሰኞ የቀዳችው ያንን ነበር።

ያስቸገራት ጫጫታው ነው። ላፕቶፑ የአባቷን ድምፅ ሲያሰማት ከሥሩ «እእእም» የሚል ነገር አብሮ ይመጣል። ማቀዝቀዣውን ነቀለች። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀለች። የጎረቤት አውራ ዶሮ ሳይቀር ቅርጫት ተደፋበት። «እእእም» ግን አለ።

ረቡዕ ድምፅ የሚያጸዳ ፕሮግራም ጫነች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማንም ያልተናገረበት ጥቂት ሰከንድ ይመረጥና ፕሮግራሙ ያንን ጫጫታ ብሎ ይይዛል፣ ከዚያም ከጠቅላላው ቅጂ ይቀንሰዋል። ሲና አባቷ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያለውን አምስት ሰከንድ መረጠች። የሦስቱን ቀን ቅጂ ሁሉ አጸዳችና በዚያው ስም አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ጠፋ። ስታደምጠው ቃሉ ይሰማል፤ ድምፁ ግን ከውኃ ጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ሰው ድምፅ ሆኗል። «እእእም» ጠፍቷል፤ አባቷም አብረው ጠፍተዋል። ምኑን እንዳጠፋችው አልገባትም።

ሐሙስ ጠዋት ነስረዲንን ጠራችው። ነስረዲን የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ አባቱ ጀልባ ይሠራል፣ እሱ የጀልባ ሞተርም ሬዲዮም ይጠግናል።

«ምነው፣ ቤቱን የለቅሶ ድንኳን አደረግሽው?» አለ ጋቢዎቹን አይቶ።

«ቀልዱን ተወውና ስማ።»

የጆሮ ማዳመጫውን አደረገ፣ ላፕቶፑ ላይ ከተሰካው ማይክ የሚመጣውን ጥቂት ሰማ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀለ። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ሶኬትሽ ኧርዝ፣ የመሬት ሽቦ፣ የለውም። በባትሪ ቅጂ።»

ሲና አባቷን አስቀምጣ እንደገና ቀዳችና ከፈተችው። ከዜማው በፊት፣ ከቀድሞው የቀጠነ፣ ዝቅ ያለ «እምም» አሁንም አለ።

ነስረዲንም ሰማው። ወጥቶ ከቆጣሪው ላይ የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋ። ቀዱ። አለ።

«እኔ መብራት ጠፍቶ የሚጮህ ዕቃ አይቼ አላውቅም» አለ። «የኔታ፣ ቤቱ ጠበል ይፈልግ ይሆን እንዴ?»

«አንተን በጠበል ምን አገባህ? ሞተርህን ጠግን» አሉ መሪጌታ እየሳቁ።

ነስረዲን ማይኩን አንሥቶ በክፍሉ ዞረ። ወደ ግድግዳው ሲወስደው ድምፁ ይደክማል፤ ወደ መስኮቱም እንዲሁ። ወደ ሽማግሌው ሲያስጠጋው ጎላ።

«ሲና፣ የሚመጣው ከየኔታ ነው።»

«አባየ፣ ከመጀመርዎ በፊት ያንጎራጉራሉ?»

«እኔ? ዝም ብየ ነው እኮ የተቀመጥሁ።»

አሰማቻቸው። አገጫቸውን ይዘው አደመጡ።

«ይኼማ ዜማውን ስይዘው ነው። መምህሬ ‹ድምፅህን ሳታገኝ አፍህን አትክፈት› ይሉን ነበር። እንዴ፣ ጫጫታ ይባላል?»

ያን ጊዜ ገባት። ጫጫታ ብላ ለፕሮግራሙ ያሳየችው አምስት ሰከንድ ውስጥ የቻርጀሩ ጩኸት የሸፈነው የአባቷ ድምፅ ነበር። ፕሮግራሙም የታዘዘውን አደረገ፤ ከሦስቱ ቀን ሁሉ ለቅሞ አወጣው።

ሳያንጎራጉሩ እንዲጀምሩ ለመነቻቸው። ዜማውን ጀመሩት፤ ከፍ አለባቸው፣ ተዉት። ደገሙት፤ አሁን ደግሞ ዝቅ አለ።

«አይሆንም፣ ልጄ። እንዳመጣጡ ቅጅው።»

«አባየ፣ የማክሰኞውን አጠፋሁት።»

«የቱን?»

«የመምህርዎን።»

ነስረዲን መብራቱን ሊመልስ ወጣ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ማክሰኞ ጉሮሮየ ደኅና ነበር» አሉ።

ዓርብ የመምህራቸውን ዜማ እያሳላቸው ደገሙት። ሲና በባትሪ ቀዳችው፤ ወደ ፕሮግራሙ አላስጠጋችውም። ቅዳሜ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ተሻገሩ።

እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብላ አደመጠችው። ዜማው መካከል ላይ አባቷ አንዲት ፊደል ይዘው ደቂቃ ያህል ይስቧታል። እዚያ ውስጥ ድምፃቸው ይሰበርና ይመለሳል። መሰበሩ ዜማው ነው ወይስ ድካሙ? መልሳ ሰማችው። ዜማው ነው አለች። መልሳ ሰማችው፤ አይ፣ ሳሉ ነው አለች። ነስረዲንን ጠየቀችው።

«እኔን? ጀልባ ላይ እንኳ ዝፈን ሲሉኝ ሰው ይወርዳል።»

ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ወደ ደሴቱ በሚመላለስ ጀልባ ላከች፤ «አባየ፣ መካከሉ ላይ ድምፅዎ የሚሰበረው ዜማው ነው ወይስ ደክሞዎት?»

ረቡዕ ወረቀቱ ተመለሰ። ከጥያቄዋ ሥር በአባቷ እጅ «የቱ ጋ?» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሲና ብዕር አንሥታ አባቷ የሚስቧትን ያቺን ፊደል ጻፈች። ፊደሏ ውስጥ የቱ ጋ እንደሆነ በምን ምልክት እንደምትጽፈው ግን አላወቀችም። የጆሮ ማዳመጫውን አደረገችና ከመጀመሪያው፣ ከ«እምም» ጀምራ ከፈተችው።