አፉ አልልም

አፌ ክፉ ነው። ብዕር ያነሳሁት ይህን ላስተባብል አይደለም። የመሀል ተከላካይ ነኝ፤ የመሀል ተከላካይ ግማሽ ሥራዋን በእግሯ፣ ግማሹን በምላሷ ነው የምትሠራው። አጥቂዋ ከተናደደች ኳሱን ትታ እኔን ማሰብ ትጀምራለች፣ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ብሽሽቅ እንለዋለን። ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት በየአዳራሹ የሚሰብኩን ሰዎች የማዕዘን ምት ሲሻማ በዚያ ግፊያ መሀል አንድ ቀን ቆመው አያውቁም። እንጀራዬ በሆነው ሜዳ ላይ ዝም በይ የሚለኝን ሰው ሰምቼው አላውቅም፣ ወደፊትም አልሰማውም።

ግን ወሰን አለው። ወሰኑ እናት መስደብ ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ ሃይማኖትና ዘር እስካልተነካ ድረስ ሁሉም ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። እነዚያማ የታወቁ ናቸው፣ ዳኛም ከሰማ ይቀጣባቸዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ዳኛ ቢሰማውም የማይገባው፣ ደንብ ላይ ያልተጻፈ ወሰን ነው። እሱን የተማርኩት አገሬ ከሚሴ ነው።

ከቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳችን ኳስ ከመጀመራችን በፊት ከተቃራኒው ቡድን ፊት ለፊት ቆመን «አፉ በሉን» እንባባል ነበር። አፉ ማለት ይቅርታ ነው። በእኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ፣ ረመዳን ሲገባ፣ ታሞ ሲተኛ አፉ ይባባላል። እኛ ግን ይቅርታውን አስቀድመን ነበር የምንወስደው፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛም በኦሮምኛም የምንባባለውን እናውቀዋለና። ጨዋታው ሲያልቅ የተረፈ ቂም ካለ ደግመን አፉ እንባባልና አንዷ ቤት ገብተን ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ይህንኑ ልማድ ይዤ ሊግ ገባሁ። የመጀመሪያው ጨዋታዬ ላይ የምይዛትን የአዲስ አበባ አጥቂ እጇን ጨብጬ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን አድርገሽኝ?» አለች ግራ ገብቷት።

«ገና ነው» አልኳት።

ብዙም ሳትቆይ ገባት። «ስትሮጪ ታክሲ ያመለጠው ሰው ትመስያለሽ» አልኳት። እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ ራሴን የምሸፍንበትን ሻሽ እያየች «መላጣ ነሽ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «ጎል አግቢና ገልጬ አሳይሻለሁ» አልኳት። አላገባችም። ሲያልቅ ራሷ መጥታ እየሳቀች «አፉ ብያለሁ» አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ትደውልልኛለች።

ምላሴን ያወረሰኝ አባቴ ነው። አባቴ የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነው፤ ልጅ ሆኜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ገዢ ይዞ ሲመጣ ላሚቱን ዞር ዞር ብሎ ያያትና ባለቤቷን «ይቺን ከሐኪም ቤት ነው ያስወጣሃት?» ይለዋል። ባለቤቷ «አንተ እስክትመጣ ደህና ነበረች» ብሎ ይመልሳል። ቀንዷ፣ ጥርሷ፣ ጅራቷ፣ የባለቤቷ ጥምጣም ሳይቀር ይሰደባል። የአፋሩም፣ የደገኛውም፣ የእኛውም ሰው ከብቦ ይስቃል። ዋጋው ሲቆረጥ እጅ ለእጅ ይማታሉ፣ አፉ ይባባላሉ፣ ይለያያሉ።

አንድ ጊዜ ከጨፋ ሮቢት የመጣ ገበሬ ለገበያው ዋዜማ እኛ ቤት አረፈ። ምሳ እየበሉ፣ በሬውን የሚሸጠው ሚስቱ ታማበት ደሴ ወስዶ ሊያሳክማት እንደሆነ ለአባቴና አብሮት ለሚሠራ ሌላ ደላላ አጫወታቸው። በማግስቱ ገበያ ላይ ያ ደላላ ወደ ገዢው ጆሮ ጠጋ ብሎ «አትጨምር፤ ሚስቱ ታማበታለች፣ ሳይሸጥ አይመለስም» አለው። አባቴ ሰማ፤ አጠገቡ ነበርኩና እኔም ሰማሁ። በሬው በርካሽ ሄደ። ዕድሜ ልኩን የሰው ከብት ሲያጥላላ የኖረው አባቴ ያን ቀን ፊቱ ጠቆረ። ወደ ቤት ስንመለስ «አማና በላ» አለኝ። አማና ሰው አምኖ የሰጠህ ነገር ነው፣ ገንዘብም ይሁን ወሬ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ሠርተው አያውቁም።

የእኔ ነገር የመጣው ደግሞ በአንዲት የባቲ ልጅ ነው። አጥቂ ናት፣ እኩያዬ። በልጅነታችን የከሚሴና የባቲ ቡድኖች ሲጋጠሙ ስንት ጊዜ ተሰዳድበን ስንት ጊዜ አፉ ተባብለናል። አድገን አንድ ክለብ ሁለታችንንም ቀጠረንና ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ደረሰን። እሷ ታንኮራፋለች፣ እኔ እነጫነጫለሁ፤ ተስማማን።

ያኔ ባለትዳር ነበርኩ። ውድድሩ ሲዘጋ ቤቴ ገብቼ አረገዝኩ፣ ግን አምስተኛ ወሩ ላይ ጨነገፈብኝ። ባሌ «ኳስሽ ነው የገደለው» ብሎ ፈታኝ። እርግዝናውን ከእሱና ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አባቴ እንኳ የሚያውቀው መፈታቴን ብቻ ነው። ካምፕ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ከሰዓት ማሊያ እያጠብን ሳለ ለዚያች ልጅ ነገርኳት። ማሊያውን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችና እጇ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ ሳትለቃለቅ አቅፋኝ አለቀሰች። «አማና ነው» አልኳት። «ወላሂ፣ አማና» አለች። ያን ቀን ከእህት አብልጬ ወደድኳት።

በኋላ እሷ ሌላ ክለብ ገባችና ተጋጠምን። ሳይጀመር እንደ ልማዳችን አፉ ተባባልን። እኔም አልማርኳትም። «ባለፈው የሳትሻትን የፍፁም ቅጣት ምት ኳስ አገኟት ወይስ ገና እየፈለጉ ነው?» አልኳት። ጉልበቷን አሽሟጠጥኩ፣ አዲሱን ታኬታዋን አሽሟጠጥኩ። ሳቀች፣ እሷም ወረደችብኝ፤ ደስ የሚል ቀን ነበር። ዜሮ ለዜሮ እያለን መጨረሻው ላይ የማዕዘን ምት አገኙ። ጀርባዋን ለጥፋብኝ ቆመች። ዳኛዋ አጠገባችን ስለነበረች እንዳይገባት በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ሆድሽ ያልያዘውን እግርሽ ሊይዘው ነው?» አለችኝ።

ኳሱ መጣ። እኔ እዚያ ቆሜ እዚያ አልነበርኩም። በቴስታ አገባችውና እየጮኸች ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

አልመታኋትም። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ እጅ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ፊሽካው ተነፍቶ ሁሉም ሲሰነባበት እጇን ዘርግታ መጣች። «አፉ በይኝ እንግዲህ፤ የጨዋታ ነው» አለች። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ።

ያን የቀረጸ ስልክ ብዛት! እሷ እጇን ዘርግታ ፈገግ ብላ፣ እኔ ተኮሳትሬ እጄን ደብቄ። አገር ሁሉ አየው። ሽንፈት የማትችል፣ ትዕቢተኛ፣ ቂመኛ ተባልኩ፤ ስንት አጥቂ ሳስለቅስ የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ቃል አኩርፌ ቀረሁ ብለው የቀለዱብኝም አሉ። የቡድን መሪያችን ጠራኝ። ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ካሜራ ፊት እንዳቅፋት፣ ያለዚያ ማሊያውን እንዳስረክብ ነገረኝ።

«ምን ብላሽ ነው ግን?» አለ።

«ያለችኝን አልናገርም።»

«ካልነገርሽኝ ምን ብዬ ልከራከርልሽ?»

እውነቱን ነው። ነገር ግን ብናገር እሷ በጆሮዬ የተናገረችውን እኔ ላገር አወጅኩት ማለት ነበር፤ እሷ የጀመረችውን እኔው ልጨርስላት ነው። ዛሬ የምጽፈውም ማንም አስገድዶኝ አይደለም። የራሴ ስለሆነ፣ መቼና ለማን እንደምናገረው የምወስነው እኔ ስለሆንኩ ነው። ያኔ ማሊያውን አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ከሚሴ ገባሁ።

ሳይውል ሳያድር ሽማግሌዎች ከባቲ መጡ። ዘመዶቿ ናቸው የላኳቸው፤ በእሷ ሰበብ ከእንጀራዬ ተነቀልኩ እንዳይባል፣ አፉ ብያት ክለቤ እንዲመልሰኝ ነው። ግቢያችን ገብተው ቆሙ። እናቴ ወንበር ብታወጣም ቁጭ የሚል ጠፋ። አባቴ ከእኔ ጎን ሳይሆን ከእነሱ ጎን ቆመ፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ከፋኝ።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጅቱ አጥፍቻለሁ ብላለች። ኩርፊያ በዲናችን የተጠላ ነው። አፉ በያት፣ ለአላህ ብለሽ።»

«አላኮረፍኳትም፣ አባቴ» አልኳቸው። «ሰላም ካለችኝ እመልስላታለሁ። አፉ ግን አልልም።»

«ምነው! ከጨዋታው በፊት አፉ ተባብላችሁ የለም ወይ? እኛም የኳስ ወሬ እንሰማለን።»

«ለምትሰድበኝ ስድብ ነው አፉ ያልኳት። ረዘምሽ፣ አረጀሽ፣ መጫወት አትችይም ትበለኝ፤ ያየችውን ሁሉ ትበለኝ። ይሄ ግን ያየችው አይደለም።»

«ሱብሃነላህ! ሽማግሌ አቁሞ መመለስ ደግ ነው?» አለ ሌላው።

«እኔ አላቆምኳችሁም። ወንበሩ ያውና፣ ተቀመጡ። ብትቀመጡም ብትቆሙም ግን አፉ በግድ አይወጣም።»

አባቴ ወደ እኔ ቀረብ አለ። «ያ ኢንታላ» አለኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው፣ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድማል። «እንጀራሽ እኮ ነው። ምን ብትልሽ ነው እንዲህ ያደረገሽ? ለእኔ ንገሪኝ።»

«አባዬ፣ አማና በላች» አልኩት።

አየኝ።

«ለዚያ ደላላ አፉ ብለኸዋል?» አልኩት። «የጨፋ ሮቢቱን ሰውዬ አማና ለበላው።»

ሽማግሌዎቹ ስለማን እንደምናወራ አላወቁም። «ሰላም ሲለኝ እመልስለታለሁ» አለ አባቴ፤ «አፉ ግን አላልኩትም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «አላህ ይስጣችሁ፣ ደከማችሁ። ኑ ልሸኛችሁ» አላቸው። እስከ መኪና ሸኝቷቸው ሲመለስ እኔ ያፈሰስኩትን እንባ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ምን እንዳለችኝ ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

የዚያን ዓመት ጨዋታ በሙሉ እቤት ሆኜ ጨረስኩት። አልጸጸተኝም፤ ተናደድኩ እንጂ አልጸጸተኝም። በዓመቱ አንድ ሌላ ክለብ፣ ክፉ አፍ ያላት ተከላካይ የሚወድ አሰልጣኝ ያለው ክለብ፣ ወሰደኝ። አፌንም አላረምኩም። አሁንም ከየትኛዋም አጥቂ ጋር ሳይጀመር አፉ እባባላለሁ፣ ከዚያ የማላነሳው ነገር የለም፤ ሩጫዋን፣ ፀጉሯን፣ ያመለጣትን ጎል። የነገሩኝን ግን አላነሳም።

ከባቲዋ ልጅ ጋር እንደገና መገናኘታችን አልቀረም። ተሰልፈን ስናልፍ ሰላም አለችኝ፣ መለስኩላት፤ አፉ ግን አልተባባልንም። ፊሽካው ተነፋ። እንደ ጥላ ተከተልኳት፣ አንድ ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። መጀመሪያ ላይ የተገላገለች መስሏት ነበር። ቆየት ብላ መለስ መለስ እያለች ታየኝ ጀመር። አንድ ኳስ ስታ ወደ ሰማይ ለቀቀቻት፤ ማንም አጥቂ እንዲያ ስትስት የምለው አላጣም፣ እሷም ታውቃለች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። እኔ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የማዕዘን ምት አገኙና እንደዚያን ቀን ጀርባዋን ለጥፋብኝ ቆመች። «የሆነ ነገር በይኝ» አለች በኦሮምኛ፣ ፊቷን ሳታዞር። እኔ ዓይኔን ከኳሱ አልነቀልኩም። ዞር አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «እሺ ስደቢኝ! አፉ አትበይኝ፣ ግን ስደቢኝ!»

ኳሱ ተሻማ። ዘለልኩና በግንባሬ አውጥቼው፣ እሷን እዚያው ትቼ ከኋላው ሮጥኩ።