ባለ አንድ ስኒው ማሽን

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ለቤታቸው የኤስፕሬሶ ማሽን ሊገዙ ሲያስቡ እኔን ያማክሩኛል። ብዙ ስለማነብና በማይመለከተኝ ነገር ሁሉ አስተያየት ስለማላጣ አዋቂ እመስላቸዋለሁ። ግፊቱ ይበቃል ወይ፣ ወተት ያፈላል ወይ፣ ቡናውን ራሱ ይፈጫል ወይ ይሉኛል። እኔ የምጠይቃቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባንዴ ስንት ስኒ ያወጣል? አንድ ካሉኝ አትግዙት እላለሁ። ለምን ሲሉኝ ቶሎ ይበላሻል ብዬ እዋሻለሁ። የእኔ ባለ አንድ ስኒ ማሽን ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ጎማው ከመድረቁ በቀር ምንም አልሆነም።

የገዛሁት መካነ ሰላም ሳለሁ ነው። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዋና ሥራዬ ወረዳዎቹ የሚልኩትን ደብዳቤ አሳጥሮ ወደ ደሴ ማስተላለፍ ነበር። በልጉ ሳይዘንብ ቀርቶ ክረምቱም እንደ ወጉ ሳይጥል ካለፈ ወዲህ ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ነበር። ከታች "ሕዝቡ አለቀ" ተብሎ የመጣው በእኔ ብዕር ሲያልፍ "መጠነኛ የሰብል መጓደል ታይቷል" ይሆናል። አለቃዬ "መጠነኛ" የምትለዋን ቃል አጥብቆ ይወዳት ነበር። እኔም አለቃዬን በልቤ እንቀው ነበር፤ ዓይኑ ሥር ያለውን የማያይ ሰው ነው እል ነበር።

ጎረቤታችን ሽማግሌ የቁርአን አስተማሪ ነበሩ። ሸኽዬ ነው የምንላቸው፤ ሚስታቸውን ደግሞ እትዬ። በእነሱና በእኛ መሀል የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር፤ በአጥሩም ውስጥ ባለቤቴና እትዬ የከፈቷት አንድ ሰው የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። ደረሳ የሚባሉት የሸኽዬ ተማሪዎች ከየገጠሩ እህል ተሸክመው እየመጡ ይማሩ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የሚኖሩትም በዚያ እህል ነበር። እህሉ ሲጠፋ ደረሳዎቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔ ከዚህ ሁሉ ያስተዋልኩት ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚነሳኝ የንባብ ድምፅ መቅረቱን ነው።

ሁልጊዜ ከቢሮ ስመለስ ቡና እኛ ቤት ነው። ሸኽዬና እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ይመጣሉ። አቦል ይጠጣል፤ ቶና ይጠበቃል፤ በረካው እስኪደርስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ሸኽዬ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኛም ማተባችንን አስረን አሚን እንላለን። የሰማዩ ነገር፣ የበቅሎ እግር፣ ወግዲ ላይ ጣለ የተባለው ዝናብ ተራ በተራ ይነሳል። ያላነበብኩት መጽሐፍ ትራሴ ሥር እየጠበቀኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ቡና ጊዜ ይበላል የሚል እምነት ነበረኝ። ዛሬም አለኝ፤ በዚህ ነገር ማንም ሐሳቤን አላስቀየረኝም።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስለነበር ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ወግዲ መሄድ ነበረባት። በቅሎዋ ላይ ከወጣች በኋላ ጎንበስ ብላ፣

"ቡናው እንዳይቋረጥ" አለችኝ። "እትዬ እየመጡ ያፈሉልሃል፤ ነግሬያቸዋለሁ። ገብሱ በጆንያው አለ። ለቡና ቁርስ የሚቆላው ከዚያ ነው።"

"ይህን ሁሉ ገብስ ለቡና ቁርስ? ወፍጮ ቤት ልንከፍት ነው?"

"አንተ ምን አገባህ። ብቻ እንዳይቋረጥ።"

"እሺ።"

"በእኔ ሞት በል።"

"በአንቺ ሞት።"

ያልነገረችኝን ነገር እኔ ልንገራችሁ። የሁለቱ ሽማግሌዎች የዕለት ምግብ የእኛ የቡና ቁርስ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች፤ እነሱም ማወቋን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን አልተነገረም። ከተነገረ ልመና ይሆናል፤ ልጅ ሲወለድ የሚመርቁ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ደግሞ ለማኝ ሊሆኑ አይችሉም። ቡና የተጠራ ሰው ቆሎ ቢዘግን ቡና ጠጣ እንጂ በላ አይባልም። እትዬ የተረፈውን ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩና "ለዶሮዎቼ" ይላሉ። ባለቤቴም "ይውሰዱላቸው" ትላለች። በእነሱ ግቢ ዶሮ አልነበረም። አጥራችን አንድ ነው፤ አንድም ቀን ዶሮ ሲጮህ አልሰማሁም፤ ግን ይህንን ለማሰብ አልደከምኩም።

ባለቤቴ በሄደች በሦስተኛው ሳምንት ለቢሮ ጉዳይ ደሴ ተላክሁ። እዚያ አንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ሦስት የቡና ማሽኖች አየሁ። አንደኛው መያዣውን በእጅ ወደ ታች የሚጎትቱት ትልቅ ነበር።

"ይሄ በኤሌክትሪክ ነው" አለ ነጋዴው። "መካነ ሰላም መብራት አለ?"

"ተስፋ አለ።"

"በተስፋ አይሠራም።"

ሁለቱ ግን ምድጃ ላይ የሚጣዱ ነበሩ፤ ከታች ውሃ፣ ከመሀል ወንፊት፣ ከላይ ቡናው የሚወጣበት። ነጋዴው ትልቁን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ለቤት ይሄ ነው። ስድስት ስኒ ያወጣል። ያኛው አንድ ብቻ ነው።"

"ባለ አንዱን ስጠኝ።"

"ጎረቤት የለህም እንዴ?"

"ሞልቷል። ለዚያ ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ረካሁ፤ እስከ ቤቴ ድረስ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ወደ ምዕራብ ሲወጣ በተቃራኒው አቅጣጫ ሰው በእግሩ ይወርዳል፤ አባት ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ በመሀል የማያለቅሱ ልጆች። መጠነኛው የሰብል መጓደል ወደ ደሴ እየሄደ ነበር። ማሽኑን እንዳይነቅዝ እንደተሰጋለት እህል ጭኔ ላይ አቅፌ ተጓዝኩ።

እቤት ስደርስ የላምባ ምድጃዬን ለኩሼ ጣድኩት። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ለዚህ ዕቃ ደቃቅ ነው፤ ወንፊቱን ደፈነው፤ በጎን ያለችው ትንሽ ቀዳዳ እያፏጨች ቡናውን ጣራው ላይ ረጨችው። በሁለተኛው ቀን ቡናውን እንደ ቅንጬ ሸርከት አድርጌ ወቀጥኩ፤ ውሃ ሆኖ ወጣ። በሦስተኛው ቀን መሀሉን አገኘሁት። ማሽኑ ለአፍታ አጉረመረመና ጥቁር፣ ወፍራም ቡና ከላይ ቀስ ብሎ ሞላ። ብቻዬን ጠጣሁ፤ ስለ በቅሎ እግር ማንም አላወራኝም። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን እትዬ እንደ ልማዳቸው ቡና ሊያፈሉልኝ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ አይልፉ" አልኳቸው።

"ጥፋት አገኘህብኝ ልጄ?"

"ኧረ በፍጹም! ይኸው፣ ራሱ የሚያፈላ ዕቃ ገዝቻለሁ። እርስዎ በእርጅናዎ ጭስ ምን ያደርግልዎታል።"

ማሽኑን አዩት። ከዚያ ጥግ የቆመውን ጆንያ አዩት።

"ቁርሱንስ ማን ይቆላልሃል?"

"ይሄ ባዶውን ነው የሚጠጣው። ቆሎ ጣዕሙን ያበላሸዋል።"

"ኸይር ነው" አሉ። "እንዳሳረፍከኝ አላህ ያሳርፍህ።"

ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። አሮጊት ከድካም አሳርፌ፣ ተመርቄ፣ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። የገባሁትን ቃል አፈረስኩ ብዬም አላሰብኩም፤ እንዳይቋረጥ የተባልኩት ቡና ነው፤ ቡና ደግሞ በየቀኑ እጠጣ ነበር። ሕግ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ሸኽዬ ግን ከሁለት ቀን በኋላ በቡናው ሰዓት መጡ። ቁጭ አሉና ከዚህም ከዚያም ተጫወትን። ማሽኑን ጣድኩላቸው። ሲያፏጭ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉ።

"ምን ሆኖ ነው የሚቆጣው?"

"እንፋሎት ነው፣ ሸኽዬ።"

"አብሽር፣ እኔ ደግሞ ውጣልኝ ያለኝ መስሎኝ።"

ሳቅን። ያንኑ አንድ ስኒ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምንም አላቀረብኩም። ትንሽ ትንሽ እያሉ ጠጡት። ሁለተኛ ላፍላ ብላቸው በቃኝ አሉ። ዱዓቸውን አሳጥረው አደረጉ፤ አሚን የሚል እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲነሱ ማሽኑን ዞር ብለው አይተው፣ "ይህ ጀበና ይቆጣል እንጂ አያጫውትም፣ ጸሐፊው" አሉኝ። ይህን ወግ አጥባቂነት ብዬ ተረጎምኩት።

ከወር በኋላ ደግሞ እትዬን አስከትለው በዋናው በር መጡ። በአጥሩ ቀዳዳ አለመምጣታቸውን ልብ ብያለሁ፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሸኽዬ ልጆች የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሁን፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

"ለዚያራ ልንሄድ ነው። ይህን ዝናብ እንዳይነካብኝ አንተ ጋ ላኑረው።"

"በዚህ ጊዜ ዚያራ?"

"ከዚህ የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል?"

"ስንቅ ይዘዋል?"

"አልሀምዱሊላህ። የዚያራ መንገደኛ ስንቁ ዱዓው ነው።"

አመንኳቸው፤ ማመን ይመቸኝ ነበር። ያን ጊዜ እህል ፍለጋ መሰደድን ዚያራ ብሎ የሚጠራ ስንት ቤተሰብ እንደነበር ሰነዱ በእጄ ያልፍ ነበር፤ እኔው ነበርኩ የማሳጥረው። ጆንያው ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። በር ድረስ ሸኘኋቸው። አገር በእንዲህ ያለ ጭንቅ ሳለ ሰው መቃብር ሊሳለም ይሄዳል እያልኩ በልቤ ተሳለቅኩ፤ ገብቼም ማሽኔን ጣድኩ።

ባለቤቴ ሴት ልጃችንን ክርስትና አስነስታ ተመለሰች። ልጅቱን አስታቅፋኝ በቀጥታ ወደ ጥግ ሄደች። እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከተተችው።

"ገብሱ ብዙም አልጎደለም" አለች።

"ማሽን ገዝቼ፣ ቁርስ ሳያስፈልግ..."

"እነ ሸኽዬስ?"

"ዚያራ ሄደዋል።"

እጇን ከገብሱ ሳታወጣ ቆማ ቀረች። አልጮኸችም። "በእኔ ሞት ብለህልኝ ነበር" አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስለ ቆሎው፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስንት ወር እንደቆየ። ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩ። "ብነግርህ ፊታቸውን እያየህ እንደ ምጽዋት ትሰጣቸው ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሰው ልከን አስጠየቅን፤ ማሻ ገበያ ላይ አየናቸው ያለ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ ለውጡ መጣ፤ ንጉሡ ወረዱ። አለቃዬ ተነሳ፤ ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ የሚናገር ሰው ሲፈለግ እኔ ወጣሁ። የሕዝቡን ረሃብ እንዴት እንደደበቁት፣ ቃላቱን እንዴት እንደመረጡ ዘርዝሬ ተናገርኩ። ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና ጥሩ ንግግር ነበር፤ እጅግ ተጨበጨበልኝ። ባለቤቴ ልጅቱን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሰምታኛለች። ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቱን ጀርባዋ ላይ አስተካከለችና፣

"ገብሱንስ የደበቀው ማን ነው?" አለችኝ።

እትዬ የተመለሱት በቀጣዩ መኸር ነው፤ ገብስ ከደረሰ በኋላ። ብቻቸውን ነበሩ። በዋናው በር መጥተው "ሎሁን ልወስድ ነው" አሉ። ባለቤቴ አቅፋቸው አለቀሰች። "ሸኽዬስ?" ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩና አልኩ። "መንገድ ላይ ቀሩ" አሉ፤ ስለ ዘገየ ሰው እንደሚወራ ነበር የተናገሩት። "ጉልበታቸው ከዳቸው። ሰው ቀብሮልኛል፤ አላህ ይስጣቸው።"

ባለቤቴ ጀበናውን ጣደች፤ ገብስም ቆላች። ሳህኑን እስከ አፉ ሞልታ ፊታቸው አኖረችው። ማሽኑ በላያቸው መደርደሪያ ላይ ነበር። ላወርደው አሰብኩ፤ አላወረድኩትም። እኔ ያን ዕለት ስለ በቅሎ እግር የሚያወራ ሰው ናፈቀኝ። አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጣ። ዱዓ የሚያደርግ ስላልነበረ እትዬ ራሳቸው አደረጉ፤ ለልጅቱ፣ ለባለቤቴ፣ ለእኔም። አሚን አልን።

ሲነሱ ከሳህኑ ከግማሽ በላይ ተርፎ ነበር። ባለቤቴ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ፣

"ለዶሮዎቹ ይውሰዱላቸው እንጂ፣ እትዬ" አለች።

እትዬ በልማድ የነጠላቸውን ጫፍ ያዝ አድርገው ነበር። ለቀቁት። ሎሁን በብብታቸው ሸጎጡና፣

"አሁንስ ዶሮ የለኝም፣ ልጄ" አሉ።