በስልኩ ቀናሁ

የሰበታው ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ አበባ ገብተን የማናውቀውን ሰፈር በእግር እንዞራለን። እሱ ክንዴን ይይዛል፣ እኔ የማየውን እነግረዋለሁ። ያለ እኔ ከተማዋን የሚያውቃት አይመስለኝም ነበር።

አምና ስልኩ ላይ መንገድ የሚመራ ካርታ ጫነ። ማዳመጫውን ባንድ ጆሮው ሰክቶ፣ በእንግሊዝኛ የምትናገር የሴት ድምፅ እየሰማ፣ በዱላው ከፊቴ ፊቴ ይሄድ ጀመር። ክንዴ ሥራ ፈታ።

አንድ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ቆም አለና "ወደ ግራ ታጠፍ ትላለች፤ ልክ ናት?" ብሎ ጠየቀኝ።

በግራ በኩል ያለው መታጠፊያ ይታየኝ ነበር። "ተሳስታለች፣ ቀጥ ብለን ነው" አልኩት።

አምኖኝ ተከተለኝ። ብዙም ሳንሄድ መንገዱ በግንባታ አጥር ተዘጋ። ቆርቆሮውን በዱላው መታ መታ አደረገው።

"እያየህ ነው ያሳሳትከኝ?"

ክንዴን አቀረብኩለት፤ አልያዘውም።

"ኦቦ፣ በስልክ ነው የቀናኸው?" አለኝ በኦሮምኛው "አቶ" እየቀለደ።

"አዎ" አልኩት።

አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀ። የእኔ ሳቅ ግን አልመጣም።

በሳምንቱ ብቻውን አዲስ አበባ ሄዶ ማታ የዞረበትን ሰፈር ሁሉ በደስታ አወራልኝ። አንዱንም ሰፈር አላውቀውም። ዛሬ አብረን ስንወጣ የሚመራኝ እሱ ነው። ያቺን ድምፅ ለመስማት አንገቱን ዘንበል ባደረገ ቁጥር ግን አሁንም ቅር ይለኛል።