«ይፈነዳል» ብዬ ያስተማርሁት

ሐሙስ ኅዳር ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወረድ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ደረጃ ላይ ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች። ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለደችም። ትናንት ማታ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ መርፌ ተወግታለች። ዛሬ ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ፣ እንቁላሉን የያዘው፣ ውኃ የቋጠረው ከረጢት መድረሱን ነግራታለች፤ «እስከ ነገ ጠዋት ይፈነዳል።» ባሏ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ አብሬያት የሄድሁት እኔ ነበርሁ።

«ምነው?» አልኋት።

«መውረድ ፈራሁ። ስንቀሳቀስ ያለጊዜው ቢፈነዳስ? እንቁላሉስ አይጎዳም?»

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ አባባ። ዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምሩን።»

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ፊት ፊኛ እነፋ ነበር። «በአጥቢ እንስሳት ሁሉ ፈሳሹ ሲበዛ ግፊቱ ከረጢቱን ያፈነዳዋል» እልና በመርፌ እወጋዋለሁ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ እኔም እንደ ገባቸው እቆጥር ነበር።

ተመልሼ ወጥቼ ሐኪሟን ጠየቅሁ። ወጣት ናት፤ ታካሚ እየጠበቃት ብዕር አንሥታ ሣለችልኝ። ግፊቱ እምብዛም አይጨምርም። የከረጢቱ ግድግዳ በአንድ በኩል፣ ከራሱ በሚመነጩ ንጥረ ነገሮች እየሟሟ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ይከፈታል። እንቁላሉ በዝልግልግ የሴሎች ጉዝጓዝ እንደ ተጠቀለለ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በማኅፀን ቱቦው ጫፍ ያሉት ዘርፎችም ጠርገው ይቀበሉታል።

«ታዲያ ‹ይፈነዳል› ለምን ትላላችሁ?»

«እንዲያ ተብለን ተምረን ነው፣ አባቴ። አስተማሪዎቻችንን ይውቀሱ» ብላ ሳቀች።

አስተማሪ መሆኔን አልነገርኋትም።

ደረጃው ላይ ለምትጠብቀኝ ልጄ የሰማሁትን ሁሉ ደገምሁላት፤ ፊኛው ስሕተት እንደ ነበርም ጨመርሁ። «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሆዴን ስጠራጠር የኖርሁት በእርስዎ ፊኛ ነዋ» አለች። ክንዴን ይዛ ወረደች፤ ታክሲ ሳንይዝም እስከ ፒያሳ ዳገቱን በእግራችን ወጣን።

ያረመችኝን ሐኪም አመሰግናታለሁ። ይልቁንም ልጄን አመሰግናታለሁ፤ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ እርሷ ከፍርሃቷ፣ እኔም ከስሕተቴ ጋር እንኖር ነበር።

ቅዳሜ ስትመረመር ከረጢቱ ጎድሎ ታይቷል፤ እንቁላሉ ወጥቷል። ቱቦው ተቀብሎት እንደ ሆነ፣ ፅንስም ይዞ እንደ ሆነ፣ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ አልታወቀም።