የክርስትና ስም የሌለው ሰውዬ

አገር ለቅቄ በምወጣበት ዋዜማ እህቴ ጽጌ በሶ በፌስታል እየቋጠረች ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ሻንጣው ስለጠበበኝ ከበሶውና ካልጨረስኩት ልብ ወለድ የቱን ጥዬ እንደምሄድ አስባለሁ። በሶው ቀረ። እናንተ ለመውጣት የምታስቡ ልጆች፣ ምክሬን ከሰማችሁ በሶውን ያዙ። ልብ ወለድ የትም ይጻፋል፤ ሰው አገር ግን በሶ ሊገኝ ቀርቶ ስሙንም የሚያውቀው የለም።

የመውጣቴም ምክንያት ያው ድርሰት ነው። መንዝ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ ስለ አንድ ጉረኛ ሹም አጭር ታሪክ ጽፌ ነበር። አንድ ኃላፊ አነበበውና "ይህ እኔ ነኝ" አለ፤ ከዚያ ማስጠራት፣ ቀጥሎም ማስፈራራት ጀመረ። እንደዚያ በጥንቃቄ ያነበበኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

አባቴ ቄስ ናቸው። ያን ዕለት ማታ መደብ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "የሌሉ ሰዎችን ታሪክ ለመጻፍ ብለህ ነው ያለነውን ጥለኸን የምትሄደው?" አሉኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የሻንጣዬን ዚፕ ስጎትት ቆየሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ሲነጋ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈርኩ።

የመንገዱን መከራ ሌሎች ከእኔ አሳምረው ጽፈውታልና ልዝለለው። ኖርዌይ ስደርስ አንዲት የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኛ በአስተርጓሚ አነጋገረችኝ። ሥራዬን ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ "ደራሲ" አልኳት፤ የልብ ወለድ። ብዕሯን አስቀመጠች።

"ያልሆነውን የሆነ አስመስለህ ትጽፋለህ ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ጎበዝ ነህ?"

እስኪ ፍረዱኝ። ጎበዝ ነኝ ብል የነገርኳት ሁሉ ፈጠራ ሊሆን ነው። ሰነፍ ነኝ ብል ደግሞ ለኔ ሞት ነው። "መካከለኛ ነኝ" አልኩ። ስለ ድርሰቴ የተናገርኩት አንድ እውነት ቢኖር እሱ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም ከረጅም ጥበቃ በኋላ መጣ።

የደራሲነት ኑሮዬን ለምትጠይቁኝ፦ ጠዋት አውቶቡስ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ፤ ማለትም በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል ትሉኛላችሁ። የመንዝ ልጅ ምን ብርድ ያስፈራዋል፤ ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። እዚህ ብርዱ ደጅ ይቀራል፤ እኛ ዘንድ ግን እንደ ዘመድ ተከትሎ ገብቶ እሳት ዳር ይቀመጣል። እኔም የበግ ጠጉር ባና ተከናንቤ ካልተኮራመትኩ ቃል አይመጣልኝም፤ ስለዚህ መስኮት እከፍታለሁ።

መስኮት በከፈትኩ ቁጥር አከራዬ ይመጣሉ። ኢንግሪድ ይባላሉ፣ ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ ናቸው። በእነሱ ቋንቋ አንቱታ የለምና "አንቺ" እላቸዋለሁ፤ ባልኩ ቁጥር አባቴ ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን በሩን አንኳኩና ክፍሉን የተከራየሁት ለስንት ሰው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለካ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ጮክ ብዬ ሳነብ ይሰማሉ። የመጽሐፌ ሰዎች ናቸው አልኳቸው። እስከ መቼ እንደሚቆዩ ጠየቁ። መጽሐፉ እስኪያልቅ አልኩ። መቼ እንደሚያልቅ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

"እንግዲያው ያ የሚጮኸው እንኳ ይውጣ" አሉኝ። ዋናው ገጸ ባሕሪዬ ነበር።

መጽሐፉ አለቀና አዲስ አበባ ታተመ። ያገኘሁትን ክብርም ልንገራችሁ። አንድ የአገሬ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አየኝና "ደራሲው አንተ አይደለህም?" አለኝ። መጥረጊያዬን አቁሜ ፈገግ አልኩ። የሥራ ማመልከቻ እንድጽፍለት ሊለምነኝ ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የጓጓሁት ለአንድ ሰው ቃል ነበር። የአባቴ ዓይን ደክሟል፤ ጽጌ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፉን ታነብላቸዋለች፣ ጎረቤትም ይሰበሰባል። በየሳምንቱ እየደወልኩ ምን አሉ እላታለሁ። "ዝም ብለው ይሰማሉ" ትለኛለች። ዝምታቸው ከዚያ ኃላፊ ዛቻ ይልቅ እንቅልፍ ነሳኝ።

ታሪኩ አየለ ስለሚባል የመንዝ ገበሬ ነው። ይሰደድና በመጨረሻው ምዕራፍ በረዶ ላይ ብቻውን ይሞታል፤ ማንም አያውቅም፣ ማንም አያለቅስም። በዚያ ምዕራፍ በጣም ኮርቼ ነበር።

ባለፈው እሑድ ስልኩን አባቴ ራሳቸው አነሱት። "ጨረስነው" አሉ። እንዴት አገኙት ብል፣ ሰዉ ሁሉ እንዳለቀሰ ነገሩኝ። ወዲያው አበጥኩ።

"እርስዎስ አባባ?"

"ያለ ፍትሐት ቀበርኸው።"

ሰውየው የፈጠራ ነው፣ ለሌለ ሰው ፍትሐት አይደረግም ብዬ ለቄስ ሥርዓት ላስተምር ቃጣኝ።

"አውቃለሁ፤ አልጃጀሁም" አሉ። "ሰዉ አልቅሶለት ሲያበቃ ማን ብለን ነፍስ ይማር እንበል አለኝ። የክርስትና ስሙ ማነው?"

ከሰውየው ጋር ዓመታት ኖሬአለሁ። የበሬዎቹን ስም አውቃለሁ፤ ሲቆጣ የትኛው ቅንድቡ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የክርስትና ስም ግን አላወጣሁለትም። የቄስ ልጅ ሆኜ፣ ሙት በክርስትና ስሙ እንደሚጠራ እያወቅሁ፣ ገደልኩት እንጂ ክርስትና አላስነሳሁትም። አፍሬ የምለው ሲጠፋኝ የራሴን ስም ሰጠኋቸው።

"ወልደ ገብርኤል ነው" አልኩ።

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ያን ስም" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ "በየቅዳሴው ከሕያዋን ጋር ነው የምጠራው። ወደ ሙታን አላዛውረውም። ለሰውዬህ ሌላ ፈልግለት።"

እሺ አባባ አልኩና አለቀስኩ። መቼ እንደምመጣ ጠየቁኝ። ያን ማታ የሻንጣዬን ዚፕ እንደጎተትኩ፣ አሁን ደግሞ የመስኮቱን እጀታ ስነካካ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ስም እፈልጋለሁ። መስኮቱን ከፍቼ ጮክ ብዬ እሞክራለሁ፦ ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ። ኢንግሪድ ግድግዳውን ይደበድባሉ። ግን የጠራሁት ስም ሁሉ እዚያ መንዝ የማውቀው፣ ደህና ያለ ሰው ስም ነው፤ ለሟች የምሰጠው አንድም አጣሁ።